ባንኮክ ከመሸ በኋላ፦ ስለ በዓላቷና ስለ ምሽቷ የተጠየቅሁትና የመለስሁት

ባንኮክ ከገባሁ አሥራ አንድ ዓመት አልፎኛል። ቀን ቀን ከአገር ቤት ለሕክምና የሚመጡ ወገኖቼን ሆስፒታል እያጀብሁ አስተረጉማለሁ፤ በተረፈኝ ጊዜ ከፕራቱናም ገበያ ልብስ ገዝቼ ወደ መርካቶ እልካለሁ። ሰዎች ስለ ሐኪሙና ስለ ገበያው ጠይቀው ሲጨርሱ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው «ማታ ማታስ ከተማው እንዴት ነው?» ይሉኛል። በዚህ ሰሞን የተጠየቅሁትን ሰብስቤ ከነመልሱ እነሆ። ዓመተ ምሕረቱ «በእኛ» ካላልሁ በቀር በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው፤ ሰዓቱ ግን የእኛው ነው።

ጥያቄ፦ እህቴ፣ እኔና ባለቤቴ ሁለት ልጆቻችንን ይዘን በጥር ልንመጣ ነው። ስለ ባንኮክ ምሽት የምንሰማው ሁሉ ግን ያሳፍራል። ከመሸ በኋላ ሆቴል ገብቶ በር ዘግቶ መቀመጥ ነው?

መልስ፦ በፍጹም። የምትሰሙት ነገር ውሸት ነው አልልም፤ ግን ያለው በጣት በሚቆጠሩ አጫጭር ጎዳናዎች ውስጥ ነው። ፓትፖንግ፣ ናና እና ሶይ ካውቦይ ይባላሉ። «ሶይ» ማለት ከዋናው መንገድ የሚገባ ቅያስ ነው። ሶይ ካውቦይ ስሙን ያገኘው በ1977 እዚያ መጠጥ ቤት ከከፈተ ባለ ካውቦይ ባርኔጣ አሜሪካዊ ነው፤ ፓትፖንግ ደግሞ መሬቱን በ1946 በገዛው ቤተሰብ ስም ይጠራል። እያንዳንዳቸውን ከዳር እስከ ዳር በእግር ለመጨረስ ጥቂት ደቂቃ ይበቃል። እነዚህን ሦስት ቦታዎች አይቶ «ባንኮክ እንዲህ ናት» ማለት አንድ ሰፈር አይቶ ስለ አዲስ አበባ ሁሉ እንደ መፍረድ ነው። ይህ ነገር ሁልጊዜ ያንገበግበኛል፤ ምክንያቱም በዚህች ከተማ ሲመሽ ውጭ ተሰብስቦ የምታዩት አብዛኛው ሰው እራቱን የሚበላ ቤተሰብ ነው።

ልጆቻችሁን ይዛችሁ ወደ ያዎራት፣ ወደ ቻይናውያኑ ሰፈር ሂዱ። በምድር ውስጥ ባቡር ዋት ማንግኮን በሚባለው ጣቢያ ትወርዳላችሁ። ፀሐይ ስትጠልቅ የወርቅ ቤቶቹ ይዘጉና የእግረኛው መንገድ በሙሉ ማዕድ ቤት ይሆናል። እኔ ሁልጊዜ የምቆመው ቼስትነት የሚባለውን ፍሬ በትልቅ ብረት ድስት፣ በጥቁር አሸዋ ውስጥ የሚቆላ አንድ አዛውንት ዘንድ ነው። ቡና እንደምትቆላ ሴት ዓይናቸውን ከድስቱ አያነሱም፤ ፍሬው ሲሰነጠቅ በድምፁ ያውቁታል። ሰኞ ማታ ግን አትሂዱ፤ ብዙዎቹ ሻጮች አይወጡም።

አንድ ማስጠንቀቂያ ልጨምር። ባንኮክ ውስጥ ሁለት ናና አለ። በቻይናውያኑ ሰፈር ያለው ሶይ ናና አሮጌ ሱቆች ወደ ጸጥተኛ መጠጥ ቤቶች የተቀየሩበት ደስ የሚል ቅያስ ነው። ሱኩምቪት በሚባለው ዋና ጎዳና ያለው ናና ግን ከላይ የጠቀስሁት ነው። ለታክሲ «ናና» ብቻ ካላችሁ ወደ ሱኩምቪቱ ነው የሚወስዳችሁ።

ጥያቄ፦ ጭፈራ ቤቶች ስንት ሰዓት ይዘጋሉ? አንዱ ሁለት ይላል፣ ሌላው አራት ይላል፣ ግራ ገባኝ።

መልስ፦ ሁለትም አራትም የሚሉህ በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። በእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት የተለመደው መዝጊያ ነበር። ከዲሴምበር 2023 አጋማሽ ጀምሮ ግን ባንኮክን ጨምሮ በተወሰኑ የቱሪስት ከተሞች ፈቃድ ያላቸው የመዝናኛ ቤቶች እስከ ሌሊቱ 10 ሰዓት እንዲቆዩ ተፈቅዷል። የሰማይ ባቡሩና የምድር ውስጡ ባቡር ግን ከሌሊቱ 6 ሰዓት አካባቢ ስለሚያቆሙ መመለሻህን አስቀድመህ አስብ።

አሁን ደግሞ የሚያስደስትህን ልንገርህ። ታይላንዳውያን የምሽቱን ሰዓት እንደ እኛ ነው የሚቆጥሩት! በፈረንጅ ሰባት ሰዓት የሆነውን ምሽት «ኑንግ ቱም» ይሉታል፤ ኑንግ አንድ ማለት ነው፤ ከምሽቱ 1 ሰዓት መሆኑ ነው። ስምንቱን «ሶንግ ቱም» ማለትም ሁለት ይሉታል፣ እንዲህ እያለ እስከ አምስት፣ «ሃ ቱም» ድረስ ይሄዳል። ቱም ድሮ ሰዓት ለማሳወቅ ይመታ የነበረው የከበሮ ድምፅ ነው፤ የቀኑ ሰዓት መጠሪያ «ሞንግ» ደግሞ የደወሉ። በመጀመሪያው ዓመቴ የጎረቤቴ ልጅ «ሶንግ ቱም ላይ እንገናኝ» ስትለኝ ቋንቋውን ገና ሳልለምድ ሰዓቱን ያለ ስሕተት ያወቅሁት በዚህ ምክንያት ነበር፤ ያን ቀን ይህች አገር የባዕድ አገር መሆኗ በጥቂቱ ቀነሰልኝ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ግን እንደ ፈረንጁ እንደገና ከአንድ ይጀምራሉና እዚያ ላይ እንለያያለን።

ዓመቱም አስገራሚ ነው። እኛ ከአውሮፓውያኑ ሰባት ስምንት ዓመት ወደ ኋላ ስንሆን እነሱ 543 ዓመት ወደ ፊት ናቸው፤ 2025 ለእነሱ 2568 ነበር። ደረሰኝ ላይ ብታየው አትደንግጥ።

ጥያቄ፦ ሱቅ ገብቼ ቢራ አልሸጥልህም አሉኝ። ሃይማኖቴን አይተው ነው ወይስ መልኬን?

መልስ፦ ሁለቱንም አይደለም ወንድሜ፣ ሰዓቱን ወይም ቀኑን አይተው ነው። ከሰዓት በኋላ ከ8 እስከ 11 ሰዓት መሸጥ ከ1972 ጀምሮ ለአሥርት ዓመታት የተከለከለ ነበር፤ በ2025 መጨረሻ ላይ ለሙከራ ስለ ላላ በመጣህበት ጊዜ ያለውን ሕግ ጠይቅ። ከዚህ ሌላ በትልልቆቹ የቡድሃ በዓላት ቀን ሽያጭ ይቆማል፤ ከ2025 ወዲህ ለሆቴሎች፣ ለአየር ማረፊያዎችና ለመሳሰሉት ቦታዎች ፈቃድ ተሰጥቷል እንጂ የሰፈሩ ሱቅ አይሸጥም። የምርጫ ዋዜማም እንዲሁ ነው። ዕድሜም ከ20 በታች ከሆነ መጠጥም መግቢያም የለም፤ የጎለመሰ ሰው ሳይቀር ፓስፖርት ይጠየቃል። ባለ ሱቋ ልጅ ሕግ ስላከበረች አትቆጣት።

በዚያው አንድ ነገር ልጨምር፤ በኤሌክትሪክ የሚጨስ ሲጋራ በታይላንድ ከ2014 ጀምሮ ሕገ ወጥ ነው። ካናቢስም በ2022 ተፈቅዶ እንደ ነበር ሰምተህ ይሆናል፤ ከ2025 አጋማሽ ወዲህ ያለ ሐኪም ትእዛዝ አይሸጥም።

ጥያቄ፦ ሶንግክራን የሚባለው የውኃ በዓል በእርግጥ ምንድን ነው? ቪዲዮ ላይ የማየው ወጣቶች በውኃ ሽጉጥ ሲራጩ ነው።

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር። ሶንግክራን የታይላንዳውያን ባህላዊ አዲስ ዓመት ነው፤ ሚያዝያ 5፣ 6 እና 7 በእኛ አቆጣጠር ይውላል። ቃሉ ከሳንስክሪት የመጣ ሲሆን ፀሐይ ከአንዱ የኮከብ ክፍል ወደ ሌላው መሻገሯን ያመለክታል። እስከ 1940 ድረስ የመንግሥቱም አዲስ ዓመት በኤፕሪል ነበር፤ ከዚያ በኋላ ነው ወደ ጃንዋሪ 1 የተዛወረው። በ2023 ዩኔስኮ በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ ላይ አስፍሮታል፤ የእኛ ጥምቀት ከአራት ዓመት በፊት እንደ ሰፈረው።

ሽጉጡ የመጣው ዘግይቶ ነው። ሥሩን ማየት የሚፈልግ ሰው ማለዳ ይነሣ። ጠዋት ሰው ሁሉ ወደ ቤተ መቅደስ ሄዶ የቡድሃን ምስል ሽቶ ባለው ውኃ ያጥባል፤ ከዚያ ወደ ቤት ተመልሶ የአዛውንቶቹን እጅ ያጥባል። ከምኖርበት ቅያስ ጥግ ሩዝ የሚሸጡ አንዲት እናት አሉ። በየዓመቱ ሚያዝያ 5 ቀን በፕላስቲክ ወንበር ተቀምጠው ሁለት እጃቸውን ገጥመው ወደ ፊት ይዘረጋሉ። ልጆቻቸው፣ የልጅ ልጆቻቸው፣ በመጨረሻም እኛ ጎረቤቶቹ ተራ ይዘን፣ ጃስሚን የተበተነበትን ውኃ ከብር ጎድጓዳ ሳህን በትንንሹ መዳፋቸው ላይ እናፈሳለን። ውኃው በጣቶቻቸው መካከል እየወረደ ከሥር ያለው ሳህን ውስጥ ይጠራቀማል። እሳቸውም በርጥብ እጃቸው የአንዱን ራስ እየነኩ ይመርቁታል። እኔ ጋ ሲደርሱ ምርቃቱ ይረዝማል፤ እናቴ ሩቅ መሆኗን ያውቃሉ።

ለዚህም ነው ከተማዋ በእነዚያ ቀናት ግማሽ ባዶ የምትሆነው። ታክሲ ነጂው፣ አስተናጋጇ፣ የፋብሪካው ሠራተኛ፣ አብዛኞቹ ከሰሜን ምሥራቁ ከኢሳን የመጡ ናቸውና ሁሉም ወደ እናት አባቱ ይጓዛል። ለፋሲካ አውቶቡስ ተራ የሚሆነውን ታውቃላችሁ፤ እንደዚያ ነው። ከዚህ ጋር የሚያሳዝነው ጉዳይ የመንገዱ ሞት ነው። መንግሥት «ሰባቱ አደገኛ ቀናት» ብሎ በሚቆጥራቸው ቀናት በየዓመቱ ከ200 በላይ ሰው በትራፊክ አደጋ ይሞታል፤ ብዙው በሞተር ብስክሌት፣ ብዙው ጠጥቶ። በእነዚያ ቀናት ሞተር አትከራዩ። ለማንም የምለው ነው፤ ለምኜ የምለው ነው።

ጥያቄ፦ እኔ ግን መራጨቱንም እፈልጋለሁ። የት ልሂድ? ምን ልያዝ?

መልስ፦ ሂጂ እንጂ! እኔም በየዓመቱ አንድ ከሰዓት በኋላ እወጣለሁ። ሁለት ትልልቅ ቦታዎች አሉ። ሲሎም ጎዳና ለመኪና ተዘግቶ ሕዝቡ ሞልቶት ይፈስሳል፤ በሰማይ ባቡሩ ሳላ ዴንግ ጣቢያ ወርደሽ ከላይ ካለው መተላለፊያ ሆነሽ ማየትም ትችያለሽ። ካኦ ሳን ደግሞ የወጣቱና የውጭ አገር ሰው መናኸሪያ ነው። ስሙ የተፈተገ ሩዝ ማለት ነው፤ ጥንት የሩዝ ገበያ ነበረና። ባቡር እስከ በሩ አይደርስም፤ ሳም ዮት ጣቢያ ወርደሽ ጥቂት መጓዝ አለብሽ።

ስልክሽን በአንገት በሚንጠለጠል ውኃ በማያስገባ ፕላስቲክ አድርጊ፤ በየጥጉ ይሸጣል። ፓስፖርትሽን ሆቴል ተዪው፣ ፎቶ ኮፒው ይበቃል። ነጭ ልብስ አትልበሺ፤ ረጥቦ ገላ ያሳያል። ዓይንሽን በመነጽር ሸፍኚ፤ ውኃው ሁሉ ንጹሕ አይደለም። መነኮሳትን፣ አረጋውያንን፣ ሕፃናትንና ሞተር ላይ ያለ ሰው አትርጪ። ነጭ ጭቃ ፊትሽን ሊቀቡሽ የሚመጡ አሉ፤ ጥንት የበረከት ምልክት ነበር፣ ዛሬ በብዙ ቦታ ተከልክሏል። ይህን አመካኝቶ ሰውነትሽን የሚነካ ካለ ግን በዓል ነው ብለሽ አትለፊው፤ ጮክ ብለሽ ተናገሪ፣ ፖሊስ ቅርብ ነው። በ2025 ሶንግክራን የጀመረው ሆሳዕና ዕለት ነበር፤ በ2026 ደግሞ በፋሲካ ማግስት ነው። ለጿሚ ሰው ይህን አስቀድሞ ማወቅ ይጠቅማል።

ጥያቄ፦ እኔ ጿሚ ነኝ። ባንኮክ ውስጥ የጾም ምግብ አገኛለሁ ወይስ ከሻንጣዬ ሽሮ ልጨምር?

መልስ፦ ሽሮውን ጨምሪ፤ ለእኔም አምጪልኝ። ቀልዴን አይደለም፣ በርበሬ እዚህ ሞልቷል፣ የእናት ሽሮ ግን የለም። አሁን ግን በደንብ አድምጪኝ፤ ይህ ብዙ ወገን የሚሳሳትበት ነው።

በታይላንድ «ሥጋ የሌለው» ማለት የጾም ማለት አይደለም። አትክልት ብቻ የሚመስለው ብዙው ምግብ «ናም ፕላ» በሚባል የዓሣ ፈሳሽ ይቀመማል፤ የፓፓያ ሰላጣው ውስጥ ደረቅ ሽሪምፕ አለበት። «ማንግሳዊራት» ብለሽ ካዘዝሽ ሥጋ ይቀራል፣ እንቁላልና ወተት ግን ሊገባ ይችላል። የምትፈልጊው ቃል «ጄ» ነው። «ኪን ጄ» በዪ፤ ጄ እበላለሁ ማለት ነው። ይህን የሰማ ሰው ሥጋም፣ ዓሣም፣ እንቁላልም፣ ወተትም አያስገባም። እንዲያውም ከእኛ ይጠብቃል፤ ነጭ ሽንኩርትና ቀይ ሽንኩርት ሳይቀሩ ክልክል ናቸው፣ ሽታቸው ስሜትን ያነሣሣል ተብሎ ይታመናልና።

ይህ ሥርዓት የራሱ ታላቅ በዓል አለው። በቻይናውያኑ የጨረቃ አቆጣጠር በዘጠነኛው ወር የመጀመሪያዎቹ ዘጠኝ ቀናት፣ ብዙ ጊዜ በኦክቶበር፣ የያዎራት ጎዳና በቢጫ ባንዲራ ይሸፈናል፤ ባንዲራው ላይ በቀይ «ጄ» ተብሎ ተጽፏል። ነጭ የለበሰ ሕዝብ ወደ ቻይናውያኑ ቤተ መቅደሶች ይጎርፋል፤ ዕጣኑ ዓይን ያስለቅሳል። ከሰፈሩ ውጭ እንኳ ተራው ሱቅ፣ ሱፐር ማርኬቱ፣ የቢሮው ምግብ ቤት ሁሉ ያን ባንዲራ ይሰቅላል። በእኛ አቆጣጠር ይህ ወቅት ከጽጌ ጾም ጋር ብዙ ጊዜ ይገናኛል። የጽጌን ጾም ለምጾም ለእኔ ከዓመቱ ሁሉ የሚቀልሉኝ ቀናት እነዚያ ናቸው፤ አንዲት ሻጭ ነጭ ነጠላዬን አይታ «አንቺም ጄ ነሽ?» ስትለኝ «አዎ፣ በአገሬ ሥርዓት» ብያት ሁለታችንም ደስ ብሎን ተለያየን።

እንጀራ ከናፈቀሽ ደግሞ በሱኩምቪት ሶይ 3 አካባቢ፣ ዓረቦችና አፍሪካውያን በሚበዙበት ሰፈር ታገኛለሽ። ትልቁ ሆስፒታል እዚያው ስለሆነ አማርኛ የምትሰሚበት መንገድ ነው።

ጥያቄ፦ የሙዚቃ ሰው ነኝ። ከዲጄ ውጭ በእጅ የሚጫወት ባንድ አለ?

መልስ፦ አለ፣ ያውም ጥሩ። ጃዝ በታይላንድ የክብር ቦታ አለው፤ በ2016 ያረፉት ንጉሥ ቡሚቦል ራሳቸው ሳክስፎን ተጫዋችና የዜማ ደራሲ ነበሩ። በድል ሐውልቱ አጠገብ ያለው ሳክስፎን የተባለ ቤት ከ1987 ጀምሮ በየምሽቱ ባንድ ያቀርባል። በወንዙ ዳር በአሮጌው ኦሪየንታል ሆቴል ያለው ባምቡ ባር ደግሞ ከ1953 ጀምሮ ያለ ነው፤ ዋጋው ይከብዳል። እኔ ግን አንድ ምሽት ብቻ ካለህ የኢሳንን «ሞር ላም» ፈልገህ ስማ። ካኤን የሚባል ከሸምበቆ የተሠራ የትንፋሽ መሣሪያ አላቸው፤ ዘፋኙ ግጥሙን እየደረደረ ሲሄድ አዝማሪ ቤት የተቀመጥህ ይመስልሃል። ቃሉ ባይገባህም ናፍቆቱ ይገባሃል፤ ከአገሩ ወጥቶ በከተማ የሚሠራ ሰው ዘፈን ነው።

ጥያቄ፦ አንድ ሰው «ባንኮክ በምሽት ክበብና በሆቴል ሥራ አለ፣ ቲኬቱን እኛ እንቆርጣለን፣ ደመወዙ በዶላር ነው» አለኝ። ወንድሜም ሊሄድ እየተዘጋጀ ነው። ምን ትመክሪናለሽ?

መልስ፦ ይህን ጥያቄ ከሌሎቹ ሁሉ አስቀድሜ ብመልሰው በወደድሁ። ወንድምሽ እንዳይነሣ አድርጊ።

በፌብሩዋሪ 2025 ከማይናማር ወገን ከሚያዋዲ አካባቢ የማጭበርበሪያ ግቢዎች ወጥተው ወንዙን ተሻግረው ለታይላንድ ከተሰጡ 260 ሰዎች መካከል 138ቱ ኢትዮጵያውያን ነበሩ። ከግማሽ በላይ! ከሃያ አገር በተሰበሰበ ሰው መካከል ትልቁ ቁጥር የእኛ ነበር። ብዙዎቹ የተታለሉት ልክ አንቺ እንደ ሰማሽው ባለ ቃል ነው፦ ባንኮክ ጥሩ ሥራ አለ፣ ቲኬት ተቆርጧል። አየር ማረፊያ የሚቀበል ሰው አለ፤ ከዚያ መኪና። መኪናው ወደ ከተማ ሳይሆን ወደ ምዕራብ፣ ማይ ሶት ወደምትባል የድንበር ከተማ ለሰዓታት ይነዳል። ወንዙን ሌሊት ያሻግራሉ። ከዚያ በኋላ ፓስፖርትም ስልክም የለም፤ በኮምፒውተር ተቀምጠው ሰው እንዲያጭበረብሩ ይገደዳሉ፣ እምቢ ያለ ይገረፋል።

ስለዚህ ይህን ያዙ። በቱሪስት ቪዛ መሥራት በታይላንድ ክልክል ነው፤ እውነተኛ ቀጣሪ ሰው ከመነሣቱ በፊት የሥራ ቪዛውን ጉዳይ ይጨርሳል፣ የሥራ ፈቃድም ያወጣል። «መጀመሪያ ና፣ ወረቀቱ ከዚያ ይስተካከላል» የሚል ቀጣሪ የለም። እዚህ የደረሰ ወገን ካለና መኪናው ከባንኮክ እየወጣ መሆኑን ካየ፣ ለነዳጅ ወይም ለሽንት ሲቆም ሰው ባለበት ይውረድ፤ የቱሪስት ፖሊስ ቁጥር 1155 ነው። ሻንጣው ይቅር። አንድ እናት ስለ ልጃቸው ሌሊት ደውለው ሲያለቅሱብኝ ምን እንደምላቸው ጠፍቶኝ ያደርሁበትን ሌሊት አልረሳውም።

ጥያቄ፦ በወንዝ ላይ ሻማ የሚለቁበት በዓል መቼ ነው? ወደ ሰማይ የሚለቁትንም ፋኖስ ማየት እፈልጋለሁ።

መልስ፦ ሎይ ክራቶንግ ይባላል፤ ሎይ ማንሳፈፍ ነው። በእነሱ የጨረቃ ቀመር በአሥራ ሁለተኛው ወር ሙሉ ጨረቃ፣ ብዙውን ጊዜ በኖቬምበር ይውላል። የሰማይ ፋኖሱ ግን የሰሜኑ የቺያንግ ማይ ነው፤ ባንኮክ ውስጥ ለአውሮፕላንና ለቤት ስለሚያሰጋ ይከለከላል።

ክራቶንጉን ገዝተሽ አትለፊ፣ ቁጭ ብለሽ ሥሪው። የሙዝ ግንድ እንደ ዳቦ ይቆረጣል፤ አረንጓዴ የሙዝ ቅጠል እየታጠፈ ዙሪያውን በስንጥር ይወጋል፤ መካከሉ ላይ አበባ፣ ሦስት የዕጣን ዘንግና አንድ ሻማ ይተከላል። አንዳንዱ ከጠጉሩና ከጥፍሩ ቆርጦ፣ ሳንቲም ጨምሮ ያስቀምጣል፤ ያለፈው ዓመት ክፉው ሁሉ አብሮ እንዲሄድለት። ወንዟን ዓመቱን ሙሉ ስለ ተጠቀሙባትና ስላቆሸሹአት ይቅርታ የሚጠይቁበትም ነው። በቻኦ ፕራያ ወንዝ ዳር፣ በሉምፒኒ መናፈሻ ኩሬ፣ በየሰፈሩ ቦይ ይለቀቃል። በዚያው ሰሞን ዋት ሳኬት በተባለው ኮረብታ ላይ ባለው ቤተ መቅደስ ትልቅ የንግሥ ገበያ ይቆማል፤ የወርቁ ጉልላት በቀይ ጨርቅ ይጠመጠማል፣ ሰው ስሙን ጨርቁ ላይ ይጽፋል።

በማግስቱ ማለዳ የማዘጋጃ ቤቱ ሠራተኞች በጀልባ በመቶ ሺዎች የሚቆጠር ክራቶንግ ይለቅማሉ። ስለዚህ ፕላስቲክና ፎም ያለበትን አትግዢ። የዳቦውም ለዓሣ ይሆናል ይባላል እንጂ ሲበዛ ኩሬውን ያበላሸዋል። ለአንድ ቤተሰብ አንድ ይበቃል።

ጥያቄ፦ የገበሬ ልጅ ነኝ። ቡና ቤትም ጭፈራም አልወድም። ለእኔ የሚሆን በዓል አለ?

መልስ፦ ለአንተማ የሚሆነው ከሁሉ ያምራል! በግንቦት ወር ከታላቁ ቤተ መንግሥት ፊት ለፊት ባለው ሳናም ሉዋንግ ሜዳ የንጉሣዊ እርሻ ሥነ ሥርዓት ይደረጋል። በዚህች የሕንፃ ከተማ መካከል፣ አስብ፣ ሁለት ያጌጡ በሬዎች ተጠምደው ትልም ይወጣል። ሞፈሩን የሚይዙት የግብርና ሚኒስቴሩ ከፍተኛ ባለሥልጣን ናቸው። አስቀድመው ከሦስት የተጣጠፉ ጨርቆች አንዱን ሳያዩ ይመርጣሉ፤ የጨርቁ ርዝመት የዘንድሮውን ዝናብ ይተነብያል። ነጭ የለበሱ ብራህማን የሚባሉ የሂንዱ ካህናት ይከተላሉ፣ ሴቶች የወርቅና የብር ቅርጫት ተሸክመው ዘር ያቀብላሉ።

ትልሙ ሲያበቃ ለበሬዎቹ ሰባት ነገር ይቀርባል፦ ሩዝ፣ በቆሎ፣ ባቄላ መሰል አረንጓዴ ጥራጥሬ፣ ሰሊጥ፣ ሣር፣ ውኃና አረቄ። የበሉት ነገር ዓመቱን ይናገራል። ሣርና ውኃ ከሆነ ውኃ ይበዛል፤ እህሉን ከቀመሱ ምርቱ ይሠምራል ይባላል። ከዚያ ገመዱ ሲነሣ ከየክፍለ አገሩ የመጣው ገበሬ ሜዳው ላይ ይወርድና የተዘራውን ፍሬ አንድ በአንድ ከአፈር ይለቅማል፤ ከራሱ ዘር ጋር ሊቀላቅል። አንድ አዛውንት አምስት የማይሞሉ ፍሬዎች በመሀረብ ጥግ ቋጥረው ሦስት ጊዜ ሲያስሩ አይቼ አባቴ ትዝ አለኝ፤ እሱም ለዘር ያስቀመጠውን ጤፍ እንዲሁ ነበር የሚይዘው። ባንኮክ ያለውን ሁሉ አስጎብኝቼ ይህን ያላሳየሁት ሰው ካለ ቅር ይለኛል።

ጥያቄ፦ እንዳልታለል ምን ልጠንቀቅ?

መልስ፦ «ቤተ መንግሥቱ ዛሬ ተዘግቷል» የሚልሽ ደግ መሳይ ሰው ይዋሻል። ቀጥሎ ባለ ሦስት እግር ተሽከርካሪ፣ የእኛው ባጃጅ ዘመድ፣ በሃያ ባት ከተማውን ላዙርሽ ይላል። እኔም በመጀመሪያው ዓመቴ ተሳፍሬያለሁ። አንድ የጌጥ መደብር አስገቡኝ፣ ሻይ አጠጡኝ፣ ሰማያዊ ድንጋይ ያለበት ቀለበት ለእናቴ ገዛሁ። ስድስት ሺህ ባት፣ የሁለት ወር ቁጠባዬ። መስታወት ነበር። ገንዘቡ ሳይሆን ለእናቴ ያሰብሁት ነገር መሆኑ ነው እስከ ዛሬ የሚከነክነኝ። ታክሲ በሜትር ይሂድ፤ እምቢ ካለ ውረጂና ሌላ ያዢ። በፓትፖንግ ፎቅ ላይ «ነጻ ትርዒት» ብለው የሚጠሩሽ ቦታ አትውጪ፤ ሂሳቡ ሲመጣ በሩ ይዘጋል። በከፍታ ላይ ያሉ የሰገነት ቤቶች፣ ለምሳሌ በሌቡዋ ሕንፃ 63ኛ ፎቅ ያለው፣ ደኅና ናቸው፤ በነጠላ ጫማ ግን አያስገቡም። ስለ ንጉሣውያኑ ደግሞ ክፉ ቃል በማንም ፊት አትናገሪ፤ ሕጉ እስከ 15 ዓመት ያሳስራል።

ጥያቄ፦ እናቴን ለሕክምና የማመጣው ልክ በሚያዝያ መጀመሪያ ነው። በሕመሟ ላይ ውኃ እንዳይደፉባት ፈራሁ። ቀኑን ልቀይር?

መልስ፦ ቀኑን የምትቀይረው ለውኃው ሳይሆን ለሐኪሙ ነው። ድንገተኛው ክፍል ዘወትር ክፍት ነው፤ ቀጠሮ የያዙለት ስፔሻሊስት ግን በበዓሉ ሊጓዝ ይችላልና አስቀድመህ በጽሑፍ አረጋግጥ። ከአየር ማረፊያው ሳትወጡም የቢጫ ወባ ካርዳችሁን ይዛችሁ ከኢሚግሬሽኑ በፊት ባለው የጤና መቆጣጠሪያ ማኅተም አስደርጉ፤ ይህን የማያውቅ ሰው ተሰልፎ ይመለሳል።

ስለ ውኃው አትስጋ። ከሁለት ዓመት በፊት ከጎንደር የመጡ አንዲት እናት በተሽከርካሪ ወንበር ከሆስፒታሉ ሳወጣ፣ ከቅያሱ አፍ ላይ አንድ የሰባት ዓመት ልጅ ትልቅ የውኃ ሽጉጥ ይዞ ተደቅኖ ነበር። እኛን ሲያይ ሽጉጡን መሬት አስቀመጠ። ከእናቱ ባልዲ በትንሽ ኩባያ ቀድቶ መጣና ተንበርክኮ ጠበቀ። እናት ምን እንደሚፈልግ አልነገርኋቸውም፤ እሳቸው ግን ነጠላቸውን ሰብስበው ሁለት እጃቸውን ዘረጉለት። ውኃውን ቀስ አድርጎ አፈሰሰላቸው። በርጥብ እጃቸው ግንባሩን ዳበሱና «ተባረክ፣ እደግ» አሉት፤ ከዚያ ወደ እኔ ዞረው «ዛሬ ምንድን ነው፣ ጥምቀት ነው እንዴ?» አሉኝ።